«እሳት ካየው ምን ለየው» ለፎቅ አይሠራም

ያገለገለ ስልክ ሊገዛ የወጣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ይታወቃል፦ «ተከፍቶ ያውቃል?» ሻጩ «ኧረ በፍጹም! እንደመጣ ነው» ቢልም ገዢው አያምንም። ስልኩን ገልብጦ ብሎኑን ያያል፣ የስክሪኑን ጠርዝ በጥፍሩ ይዳስሳል፣ የባትሪውን ጤና ከፍቶ ያነባል። መኪና የሚገዛም እንዲሁ ነው። አንዲት አሮጌ ቪትዝ ለመግዛት ሜካኒክ ይዞ ይሄዳል። «ቀለሟ የራሷ ነው? ተገጭታ ታውቃለች?» እያለ በሩን ከፍቶ ማጠፊያውን ሳይቀር ያያል።

ቤት ስንከራይስ? ኪራዩ ስንት ነው፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ ቆጣሪው የግል ነው ወይስ የጋራ፣ ኔትወርክ ይይዛል ወይ? በቃ። «ይሄ ፎቅ ተቃጥሎ ያውቃል?» ብሎ የጠየቀ ተከራይ እስካሁን አላጋጠመኝም።

እስቲ አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነች ክፍል ጣሪያዋ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ ቢሆን፣ ከራሳችን በላይ ያለው ክብደት 60 ኩንታል ገደማ ነው። 60 ኩንታል ጤፍ ከላያችን ተንጠልጥሎ ቢሆን ኖሮ ገመዱ ምን እንደሆነ ሳንጠይቅ አንተኛም ነበር። የሶሌታው ገመድ ደግሞ ውስጡ ያለው ፌሮ ነው። እሳት በዚህ ፌሮና በዙሪያው ባለው አርማታ ላይ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ የኢንጂነሮች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሚከራየውም፣ የሚነግደውም፣ ሊገነባ ያሰበውም ሰው ጉዳይ ነው።

ጎጆ እውነቱን ይናገራል

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ ሰው በመስኮት ሦስት ዓይነት ቤት ያያል። በገጠሩ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ሣር የሆነ ጎጆ አለ። ወደ መንደሮቹ ጠጋ ሲል በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ይመጣል። ከተማ ሲገባ ደግሞ ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ላዩ መኝታ ወይም ቢሮ የሆነ የአርማታ ፎቅ ይቆማል። ቦረና፣ ለጋምቦ፣ ከላላ፣ ወግዲ፣ የትም ከተማ ብትሄዱ የዚህ ሦስተኛው ዓይነት ቁጥር እየጨመረ ነው።

ጎጆ ሲቃጠል ነገሩ ግልጽ ነው። ሲነጋ የቀረው ድንጋዩና አመዱ ነው። «ይህ ቤት ይኖርበታል ወይ?» ብሎ የሚከራከር የለም። ጎረቤት በጅጌ ተሰብስቦ እንጨት ይቆርጣል፣ ሣር ያጭዳል፣ ቤቱ እንደ አዲስ ይሠራል።

ፎቅ ሲቃጠል ግን ሲነጋ ፎቁ እንደቆመ ነው። ግድግዳው ጠቁሯል፣ መስታወቱ ረግፏል፣ ዕቃው አመድ ሆኗል፤ ኮለኑ፣ ቢሙና ሶሌታው ግን ቦታቸው ላይ ናቸው። ሰው «አልሐምዱሊላህ» ይላል፣ «ተመስገን፣ ፎቁ ተርፏል» ይላል። ከዚያ የጠቆረው ይታጠባል፣ ልስን ይደረብበታል፣ ጅብሰም ኮርኒስ ይሰቀላል፣ ቀለም ይቀባል። በወሩ ሱቁ ይከፈታል።

በደንብ ሳይበስል የወጣ ጥብስ ሲቀርብ «እሳት ካየው ምን ለየው» ብለን እንበላለን። ለጥብስ ይሆናል። አርማታ ግን እሳት ሲያይ በጣም ይለያል፤ ልዩነቱ ከውጭ አለመታየቱ ነው ችግሩ።

«ፎቅ ይቃጠላል እንዴ?»

መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ ጂ+2 ሕንፃ ምድር ቤት ላይ ፍራሽና ብርድ ልብስ የምትሸጥ ዘመድ አለችኝ። ደጋ ነውና ገበያዋ ጥሩ ነው። ሱቋ እስከ ጣሪያ በስፖንጅ ፍራሽ ተሞልቷል፤ ከላይ ሰዎች ተከራይተው ይኖራሉ። አንድ ቀን ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ፣

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ስፖንጅ ድንገት ቢቀጣጠልስ?» አልኳት።

«ቢስሚላህ በል አንተ ልጅ!» አለችኝ። «ደሞ ፎቅ ይቃጠላል እንዴ? የሚቃጠለው የሣር ቤት ነው። ይሄማ ሲሚንቶ ነው፣ ብሎኬት ነው።»

ግማሹ እውነት ነው። አርማታ አይነድም። ጭስም አያወጣም፣ እሳቱንም አያቀጣጥልም። በዚህ ከእንጨትም ከባዶ ብረትም የተሻለ ነው። የሚነደው ግን ውስጡ የተከማቸው ዕቃ ነው፤ ስፖንጅ ደግሞ ቶሎ ተቀጣጥሎ ኃይለኛ ሙቀት ከሚሰጡት አንዱ ነው። አርማታው እሳቱን ባያቀጣጥልም ሙቀቱን ይቀበላል።

ምን ያህል ሙቀት? የሕንፃ አካላት በዓለም ዙሪያ በሚፈተኑበት የእሳት ሙከራ ምድጃ ውስጥ ሙቀቱ በግማሽ ሰዓት 840 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ በአንድ ሰዓት ደግሞ 945 ገደማ ይደርሳል። በዚህ ሙቀት የመስኮታችን አልሙኒየም ቀልጦ ይፈስሳል።

ጉልቻና ብርድ ልብስ

ኮምቦልቻ ሲቪል ኢንጂነሪንግ የተማረ ጓደኛዬን በቴሌግራም ስጨቀጭቀው ነገሩን በወጥ ቤት ቋንቋ አስረዳኝ። «እናትህ ጉልቻ ስትመርጥ ያገኘችውን ድንጋይ ታነሳለች?» አለኝ። አታነሳም። አንዳንዱ ድንጋይ እሳት ሲነካው ይፈነዳል፤ በተለይ ከወንዝ የመጣና ውሃ የያዘ።

አርማታም ድንጋይ ነው፤ ጠጠር፣ አሸዋ፣ ሲሚንቶና ውሃ። ደርቋል ብንለውም ውስጡ እርጥበት አለ። ድንገት ሲግል ያ ውሃ እንፋሎት ይሆናል፣ መውጫ ሲያጣ ይገፋል፣ የአርማታው ፊት እየተቆረሰ ይፈናጠራል። አሸዋውና ጠጠሩ ውስጥ ኳርትዝ የተባለው ማዕድን ካለ ደግሞ 573 ዲግሪ ላይ ድንገት ይለጠጥና ዙሪያውን ይሰነጥቃል። እዚህ ላይ የደጋው ሰው ዕድለኛ ነው። ተራሮቹ ከጥንት እሳተ ገሞራ የተረፉ ጥቁር ድንጋይ ናቸው። ጥቁር ድንጋይ አንዴ ቀልጦ የወጣ ስለሆነ እሳትን ከብዙ ድንጋይ በተሻለ ይችላል። ይህ ግን ጠጠሩን ብቻ እንጂ ሲሚንቶውን አያድንም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአውሮፓ ዩሮኮድ ወስዳ ያወጣችው የአርማታ ሕንፃ ስታንዳርድ ስለ እሳት ብቻ የሚናገር ራሱን የቻለ ክፍል አለው። እዚያ ያሉት ቁጥሮች ለእኔ ዓይን ገላጭ ነበሩ። የተለመደው አርማታ 300 ዲግሪ ሲደርስ ከጥንካሬው 85 በመቶ ያህሉ ይቀረዋል። 500 ላይ 60 በመቶ፣ 600 ላይ ደግሞ 45 በመቶ። ፌሮውስ? በፋብሪካ በትኩሱ የተዳመጠ ፌሮ እስከ 400 ዲግሪ ድረስ ጥንካሬውን ይዞ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ግን ቁልቁለት ነው። 500 ላይ 78 በመቶ፣ 600 ላይ 47፣ 700 ላይ 23 በመቶ ብቻ።

ምድጃው በአንድ ሰዓት 945 ዲግሪ ከደረሰ ታዲያ ሕንፃው ለምን ወዲያው አይወድቅም? አርማታ ሙቀትን ቶሎ ስለማያሳልፍ ነው። ከፌሮው በታች ያለችው የአርማታ ንጣፍ ለፌሮው ብርድ ልብስ ናት፤ ልዩነቱ የምትከላከለው ብርድን ሳይሆን ሙቀትን መሆኑ ነው። ፊቱ ላይ 900 ዲግሪ እያለ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ስንገባ ሙቀቱ በግማሽና ከዚያም በታች ይወርዳል።

አንድ ሳንቲ ሜትር፣ ግማሽ ሰዓት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህንን ያዙ።

በዚያው ስታንዳርድ መሠረት፣ ለተራ ድፍን ሶሌታ ከታችኛው ፊት እስከ ፌሮው እምብርት ያለው ርቀት 2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሶሌታው 1 ሰዓት እሳት እንዲችል ይጠበቃል። 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 1 ሰዓት ተኩል። 4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 2 ሰዓት። የሶሌታው ውፍረትም አብሮ ማደግ አለበት፤ 8፣ 10፣ 12 ሳንቲ ሜትር እያለ። በጥቅሉ ግን አንዷ ሳንቲ ሜትር ግማሽ ሰዓት ትገዛለች ማለት ነው።

ግማሽ ሰዓት ማለት ከላይ የተኙት ልጆች ነቅተው፣ ለብሰው፣ በጭስ ውስጥ ደረጃውን አግኝተው የሚወርዱበት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ግንባታ ቦታ እንሂድ። አርማታው ከመሞላቱ በፊት ፌሮው ካሳፎርማው ላይ ዝም ብሎ እንዳይተኛ ከሥሩ ትንንሽ ስፔሰር ይደረጋል። ሥራ ሲቻኮል ስፔሰሩ ይረሳል፣ ወይም ጥቂት ብቻ ይጣላል። ሠራተኛው አርማታውን ተሸክሞ ሲመላለስ ፌሮውን እየረገጠ ወደ ታች ያወርደዋል። ካሳፎርማው ሲነሳ ፌሮው ከታች ብቅ ብሎ ከታየ ሲሚንቶ ተለቅልቆ ይሸፈናል። ሕንፃው በሰላሙ ቀን አይወድቅም። እሳት በመጣ ቀን ግን የአንድ ሰዓቱ ሶሌታ የደቂቃዎች ሶሌታ ይሆናል። አንድ ስፔሰር ስንት ብር ነው? ከሕንፃው ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም ነው ማለት ይቻላል።

በየከተማው የተለመደው ባለ ብሎኬት ሶሌታም የራሱ ጉዳይ አለው። ክብደትና ሲሚንቶ ይቆጥባል፤ ግን የብሎኬቱ የታችኛው ፊት ስስ ነው። ሙቀት ሲበረታ ያ ስስ ፊት ተሰብሮ ሲረግፍ፣ በብሎኬቶቹ መካከል ያለችው ቀጭን የአርማታ ቢም ከታች ብቻ ሳይሆን ከግራና ከቀኝም ትጋለጣለች። ከሦስት አቅጣጫ የተጠበሰ ፌሮ ከአንድ አቅጣጫ ከሚሞቀው ቶሎ ይደክማል።

ሰዓቱ ለምን ወሳኝ እንደሆነ ለማየት መርካቶን እናስታውስ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ የተነሳው እሳት ለሰዓታት ነድዷል፤ መንገዱ ጠባብና የተጨናነቀ መሆኑም ለእሳት አደጋ መኪኖች እንቅፋት ሆኗል። ያ የሆነው የአገሪቱ ዋና ከተማ መሐል፣ የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን ባለበት ከተማ ነው። መኪናው ከሌላ ከተማ የሚጠበቅበት ቦታ ላይ ብንሆንስ? ከመካነ ሰላም ደሴ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም የደጋ መንገድ ነው፣ ዳገትና ጠመዝማዛ። ከደሴ መኪና ተጠርቶ እስኪደርስ የሶሌታው አንድ ሰዓት ካለቀ ቆይቷል። ስለዚህ በእኛ በኩል ያለ ሕንፃ የሚያስፈልገው የሳንቲ ሜትር ሽፋን ከአዲስ አበባው ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ

ብዙዎቻችን የማናውቀው ክፍል ይሄ ነው። አደጋው እሳቱ ሲጠፋ አያበቃም።

ፌሮው ብዙ ጊዜ ይቅር ባይ ነው። ከ600 ዲግሪ ገደማ በታች ሞቆ ከሆነ ሲቀዘቅዝ አብዛኛውን ጥንካሬውን መልሶ ያገኛል። አርማታ ግን ያጣውን አይመልስም። እንዲያውም እየቀዘቀዘ ሲሄድ ተጨማሪ ይደክማል። ምክንያቱ ኖራ ነው። ሲሚንቶው ውስጥ ያለው የኖራ ውሁድ ከ400 ዲግሪ በላይ ሲግል ውሃውን ያጣል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ከአየሩና ከዝናቡ እርጥበት መልሶ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ያበጠው ደግሞ ዙሪያውን ይሰነጥቃል። ደረቅ ኖራ ውሃ ሲፈስበት እንዴት እንደሚያብጥ ያየ ሰው ይገባዋል። ስለዚህ በእሳቱ ማግስት «ቆሟል» የተባለ ሕንፃ ከወር በኋላ፣ በተለይ ክረምት ሲመጣበት፣ ከማግስቱ የባሰ ደካማ ሊሆን ይችላል።

ሌላው የማጥፊያው ውሃ ነው። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የደፋ ሰው ምን እንደሚሆን ያውቃል። እሳት በውሃ መጥፋት አለበት፣ ጥያቄ የለውም። ነገር ግን በውሃ ድንገት የቀዘቀዘ ሶሌታ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘው በላይ መሰንጠቁን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው፣ ጉዳቱ እሳት ባልደረሰበት ክፍል ሊገኝ መቻሉ ነው። 10 ሜትር ርዝመት ያለው ቢም በአማካይ በ300 ዲግሪ ቢሞቅ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የሚሄድበት ስለሌለው ጫፉ ላይ ያለውን ኮለን ይገፋል። እሳቱ የነበረው ሱቅ ቁጥር 1 ውስጥ፣ የተሰነጠቀው ኮለን ሱቅ ቁጥር 4 ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሱቅ ቁጥር 4 ደግሞ በማግስቱ ከፍቶ ስኳርና ዘይት እየሸጠ ነው።

የዓለም ታሪክም ሁለቱንም ገጽታ ያሳያል። እ.ኤ.አ. የካቲት 2005 ማድሪድ ውስጥ ባለ 32 ፎቁ የዊንድሰር ሕንፃ ሌሊቱን ሙሉ ሲነድ አድሮ በላይኛዎቹ ፎቆች ዙሪያውን የነበሩት የብረት ኮለኖች ተጣጥፈው ወደቁ፤ መሐሉ ላይ የነበረው አርማታ ግን ቆሞ ቀረ። አርማታ ጥሩ ሲሠራ ይህን ያህል ይችላል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2004 ስዊዘርላንድ፣ ግሬትሰንባኽ በተባለ ቦታ ከመሬት በታች ያለ የመኪና ማቆሚያ ተቃጥሎ፣ አፈር የተጫነበት የአርማታ ጣሪያ ተደርምሶ 7 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2008 ደግሞ ሆላንድ፣ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከአንድ የቡና ማሽን የተነሳ እሳት ባለ ብዙ ፎቁን የአርክቴክቸር ፋኩልቲ ሕንፃ በከፊል አፍርሶታል። ሰው ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር አልሞተም። አርክቴክት የሚያስተምሩበት ሕንፃ ነው እንግዲህ!

ቀለሙ ለምን ያሸንፋል?

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነገሩን የማየው በዚያ መነጽር ነው። ባለቤቱ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም ቶሎ ቀለም የሚቀባው። እንበልና ስድስት ሱቅ አለው፤ እያንዳንዱ በወር 8,000 ብር ይከራያል። በወር 48,000 ብር ነው። ሦስት ወር ዘግቶ ሕንፃውን ቢያስመረምር 144,000 ብር ያጣል፤ የባለሙያና የጥገና ወጪ ሳይቆጠር። የባንክ ብድር ካለበት ደግሞ ወለዱ እሳት ተነሳ ብሎ አይቆምም። ቀለም ግን ርካሽ ነው።

ተከራዩስ? አያውቅም። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ የማያውቅበት ገበያ ምን እንደሚሆን አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 በአሮጌ መኪና ምሳሌ አሳይቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርቶበታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ገዢው ደህናውን ከተበላሸው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም አንድ ዋጋ ይሰጣል። ያኔ ደህናውን የሠራ ሰው ይከስራል፤ የደበቀው ያተርፋል።

ወደ እኛ እናምጣው። ሁለት ባለቤቶች ፎቃቸው ተቃጠለ። አንዱ አስመርምሮ፣ የተጎዳውን ቢም አጠናክሮ፣ አራት ወር ዘግቶ ከፈተ። ሌላው በሦስት ሳምንት ቀባው። ተከራይ «ተቃጥሎ ያውቃል?» ብሎ ካልጠየቀ ሁለቱም የሚያገኙት ኪራይ እኩል ነው። በዚህ ገበያ ሞኝ የሚባለው የመጀመሪያው ነው። ጠያቂ ሲበዛ ግን የምርመራ ወረቀት ያለው ሕንፃ ዋጋ ያገኛል፤ ማስመርመርም ኪሳራ መሆኑ ይቀራል። የስልኩንም ገበያ ያስተካከለው ፖሊስ አይደለም፣ «ተከፍቶ ያውቃል?» የሚለው ገዢ ነው።

ስልካችሁ ምን ያደርጋል?

እግዜር አያምጣውና፣ አላህም ይጠብቀንና፣ በአካባቢያችሁ ፎቅ ቢቃጠል የመጀመሪያው ሥራ መጥረጊያ ማንሳት አይደለም። መጀመሪያ፣ ባለሙያ ሳያየው ከሥሩ አትግቡ። ከደህና ቦታ ሆናችሁ ግን ፍርስራሹ ሳይጠረግ ፎቶ አንሱት። የቀለጠውና ያልቀለጠው ዕቃ የእሳቱ ቴርሞሜትር ነው።

የአልሙኒየም ፍሬም ቀልጦ ተንጠባጥቦ ከሆነ እዚያ ቦታ ሙቀቱ ከ660 ዲግሪ አልፏል ማለት ነው። የኤሌክትሪኩ የመዳብ ሽቦ ቀልጦ እንደ ዶቃ ከተንጠባጠበ ከ1,080 በላይ ሊሆን ይችላል። ጣሪያው ሥር የተሰቀለ ፕላስቲክ ሳይቀልጥ ከተገኘ ደግሞ ያ ክፍል ብዙም አልሞቀም፤ ይህም መልካም ዜና ነው። ፍርስራሹ ተጠርጎ ከተጣለ ይህ ሁሉ መረጃ አብሮ ይጣላል።

የአርማታው ቀለምም ይናገራል። ልስኑ ረግፎ ሲታይ ወደ ሮዝ ወይም ቀላ ወዳለ ቀለም የተለወጠ አርማታ ብዙ ጊዜ ከ300 ዲግሪ በላይ ሞቋል። ከዚያም ሲያልፍ ነጣ ያለ ግራጫ ይሆናል። ጠጠሩ ጥቁር ድንጋይ በሆነበት በእኛ አካባቢ ግን ቀይነቱ ደብዝዞ ሊታይ ስለሚችል፣ «አልቀላም፣ ስለዚህ ደህና ነው» ማለት አይቻልም።

ባለሙያው ሲመጣ ሥራው በዓይን አያበቃም። በመዶሻ እያንኳኳ ድምፁን ያዳምጣል፤ ደህና አርማታ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የደከመው እንደ ባዶ ቅል ያስተጋባል። ከሶሌታውና ከኮለኑ እንደ ዱላ የከበበ ናሙና ቆፍሮ ያወጣና በላብራቶሪ ይጨፈልቀዋል። ካስፈለገ ከፌሮውም ቆርጦ ይስበዋል። ይህ እውቀት ለወሎ ሩቅ አይደለም፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቪል ኢንጂነሮችን ሲያስመርቅ ዓመታት ተቆጥረዋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም በየከተማው የሕንፃ ሹም እንዲኖር አድርጓል። ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውንና ሕዝብ የሚገለገልባቸውን ሕንፃዎች ደግሞ ጥብቅ በሆነው ምድብ ውስጥ መድቧቸዋል። የተቃጠለ ሕንፃ ይዞ የሚኬደው ወደዚያ ቢሮ ነው እንጂ ወደ ቀለም ሱቅ አይደለም።

ባለቤቶችም እንዳትደነግጡ። የተመረመረ ሕንፃ ሁሉ ይፍረስ አይባልም። እሳቱ አጭር ከነበረና ሽፋኑ በቂ ከሆነ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የላይኛው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። የደከመው ተቀርፎ፣ አዲስ አርማታ ተሞልቶ፣ ካስፈለገም ኮለኑ በተጨማሪ ፌሮና አርማታ ተጠቅልሎ ሕንፃው ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ባንክ በመያዣ የያዘው ሕንፃ ከሆነ የእሳት መድን ሊኖረው ስለሚችል ውሉን አውጥቶ ማንበብም አይጎዳም።

ገና የምትገነቡ ደግሞ ካሳፎርማው ላይ አርማታ ከመሞላቱ በፊት ሄዳችሁ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ፌሮው እንጨቱን ነክቶ ተኝቷል? ከሥሩ ስፔሰር አለ? ሜትር አውጡና ለኩ። ፎርማኑ ቢቆጣም ይቆጣ።

ለዘመዴም ይህንኑ ነገርኳት። ፍራሾቹን ከኤሌክትሪክ መስመሩ አርቃለች፣ ማታ ማታም ብሬከሩን አጥፍታ ትሄዳለች። «ግን ፎቁ ተቃጥሎ ያውቃል ወይ ብዬ ባለቤቱን እንዴት እጠይቃለሁ? ያስቀይማል እኮ» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ያስቀይም ይሆናል። ስልክ ሻጩንም መጀመሪያ ሰሞን አስቀይሞት ነበር፤ አሁን ግን ጥያቄው ሳይጠየቅ ራሱ «አልተከፈተም» ብሎ ይጀምራል። አከራዮች ሳይጠየቁ «አልተቃጠለም» ወይም «ተቃጥሎ ተመርምሯል፣ ወረቀቱ ይኸው» ብለው እንዲጀምሩ መጀመሪያ አንድ ሰሞን የሚያስቀይሙ ተከራዮች ያስፈልጋሉ። በዚህ ወር ቤት የምትፈልጉ ካላችሁ ከእናንተ ይጀመር።